የሳንቲም ክበብ፦ ዓመቱን ከእንግሊዝ ወርቅ ጋር

የሳንቲም ክበባችን ዘንድሮ በአንድ ነገር ላይ ብቻ አተኩሯል፤ በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲሞች ላይ። የምንሰበሰበው ለንደን ውስጥ፣ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ስለሆነ ጉዳዩ ለልጆቹ የሰፈራቸው ታሪክ ነው። ወርቁን ገዝቶ ማጠራቀም ከአቅማችን በላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ስብስብ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሳንቲም መርጦ ፎቶውን ይለጥፋል፤ ዘመኑን፣ ክብደቱንና ጽሑፉን በአማርኛ ይጽፋል።

መጀመሪያ ልባቸውን የገዛው የሄንሪ 3ኛ የወርቅ ፔኒ ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1257 ሲያስመታው ዋጋውን 20 የብር ፔኒ አለው። የለንደን ሰዎች አልወደዱትም። ወርቁ ራሱ ከተተመነለት በላይ ያወጣ ስለነበር አብዛኛው ቀልጦ ቀረ። ዛሬ የሚታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2021 አንድ ሰው ዴቨን ውስጥ ማሳ ላይ በብረት መፈለጊያ አንዱን አገኘ፤ በቀጣዩ ጥር በጨረታ 648,000 ፓውንድ ተሸጠ። ይህን የሰማን ቀን ሌላ ትምህርት አልተማርንም ማለት ይቻላል።

እኔ ግን የምወደው ኖብል የሚባለውን የኤድዋርድ 3ኛን የወርቅ ሳንቲም ነው። በ1344 ወጣ፤ ዋጋው 6 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ፣ የፓውንድ ሲሶ መሆኑ ነው። ንጉሡ ሰይፍና ጋሻ ይዞ መርከብ ላይ ቆሟል። በሳንቲሙ ጀርባ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ አለ። ሉቃስ 4፥30 እንደሆነ ስነግራቸው፣ አንዲት ልጅ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣ አነበበችልን፦ «እርሱ ግን በመካከላቸው አልፎ ሄደ»።

ከዓመቱ ሁሉ የማይረሳው የአንድ ተማሪ አባት ሩብ ኖብል ይዘውልን የመጡበት ቅዳሜ ነው። እግዜር ይስጥልን! ትንሽ ናት፤ ስስ ናት፤ ቢጫነቷ ግን አልደበዘዘም። ጋሻው ላይ የእንግሊዝ አንበሶችና የፈረንሳይ አበቦች ጎን ለጎን አሉ፤ ኤድዋርድ የፈረንሳይም ንጉሥ ነኝ ይል ነበርና። ከ1351 ወዲህ ሩብ ኖብል 1.94 ግራም ገደማ መመዘን ነበረበት። የእኛዋን ሚዛን ላይ ስናስቀምጣት 1.7 አለች። ልጆቹ አጉሊ መነጽር ተቀባብለው ምክንያቱን ራሳቸው አገኙት፤ በአንድ በኩል የፊደሎቹ አናት የለም። ጠርዟን አንድ ሰው ከርክሞ ወርቁን ወስዷል። በ1416 በወጣ ሕግ ይህ ሥራ የአገር ክህደት ተብሏል፤ ቅጣቱም ሞት ነበር።

ወርቁ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄም ሰፊ ውይይት አስነሳ። እንግሊዝ ሱፍ ለፍላንደርስ (የዛሬዋ ቤልጅየም አካባቢ) ትሸጥ ነበር፤ ወርቅ በንግድ ይገባላታል። በዚያ ዘመን አውሮፓ ከደረሰው ወርቅ ብዙው ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ሰሃራን በግመል አቋርጦ የመጣ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ኩራት ለወላጆች ብነግር ደስ ይለኛል።

ኤንጀል (መልአክ) የሚባለው የኤድዋርድ 4ኛ የወርቅ ሳንቲም የመጣው በ1465 ነው። ቅዱስ ሚካኤል ዘንዶውን ረግጦ በጦር ይወጋዋል። ማንም ማብራሪያ አልፈለገም፤ ቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚያዩት ሥዕል ነው። በኋላ ነገሥታቱ የአንገት እባጭ የያዘውን ሰው በእጃቸው ዳስሰው ይህን ሳንቲም አንገቱ ላይ ያንጠለጥሉለት ነበር። ለመዳን ነው።

በብሪቲሽ ሙዚየም 68ኛው ክፍል፣ የገንዘብ ታሪክ አዳራሽ፣ መግቢያው በነጻ ስለሆነ ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ለከርሞ መዝገቡን ወደ አክሱም እናዞራለን። ንጉሥ እንድቢስ ከሄንሪ 3ኛ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ ወርቅ አስመትቷል፤ በኢዛና ሳንቲሞች ላይ መስቀል የገባበትን ጊዜም እንከታተላለን። ትክክለኛ ትንሽ ሚዛን ያላችሁ ብታውሱን ትልቅ ውለታ ነው፤ የእኛው መጨረሻ ላይ ቁጥሩ መዝለል ጀምሯል።