ውሃ ሲፈላ የሚላቀቀው

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከናፍቆት በቀር ደህና ነን። በስልክ «ምንም አልሆንሁም» ቢሉኝም እግርዎ ማበጡን፣ ሐኪሙም ጨው መከልከሉን ከእህቴ ሰምቻለሁ፤ እርሷ ዞር ስትል ሽሮው ላይ ጨው እንደሚነሰንሱም ጭምር።

የልጅ ልጅዎ ዘንድሮ ኬሚስትሪ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ቨርጂኒያ በረዶ ጥሎ መንገዱ ላይ ጨው ሲበተን አይቶ ምክንያቱን ቢጠይቀኝ፣ የጨው ቅንጣቶች የሆኑት የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች በውሃው ውስጥ ተበታትነው ሞለኪውሎቹ በረዶ ሆነው እንዳይደራጁ ስለሚያውኩ ከዜሮ ዲግሪ በታችም ፈሳሽ ሆኖ እንደሚቆይ ነገርሁት። አሞሌ ጨው ይዘው ክፍል የገቡበት ቀን ትዝ አለኝ፤ በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልሆነ የማይቀልጠው ያ ጨው፣ የውሃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን አንድ በአንድ እየከበቡ ሲወስዷቸው በቀዝቃዛ ውሃ እንደሚሟሟ ያሳዩን እርስዎ ነዎት።

ልጁ ቀጥሎ «ውሃ ሲፈላ የሚላቀቀው የትኛው ቦንድ ነው?» ሲለኝ ግን ደነገጥሁ። በ1986 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ይህንኑ ጠይቀውኝ «የሃይድሮጅንና የኦክስጅን» ብዬ ብመልስ፣ «እንግዲያው እናትሽ ጀበና በጣደች ቁጥር ሃይድሮጅኑ እሳት ይዞ ቤታችን በነደደ ነበር» አሉና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ዓመቱን ሙሉ ስሜ «ጀበና» ሆኖ ከረመ። ነገሩስ እውነት ነበር፤ በሞለኪውሉ ውስጥ ያለውን፣ ኤሌክትሮን በመጋራት የጸናውን ኮቫለንት ቦንድ የጀበና እሳት አይፈታውም፤ የሚላቀቀው ሞለኪውልን ከሞለኪውል የሚያያይዘው ደካማው የሃይድሮጅን ቦንድ ነውና እንፋሎቱም ያው ውሃ ነው። ይህን ግን የነገሩኝ እርስዎ አይደሉም። በማግስቱ ሌላ ምዕራፍ ጀመሩ፣ ቤት ስንገባም ዝም አሉ፤ እኔ መጽሐፍ አገላብጬ ለብቻዬ ደረስሁበት። እማማ «ለልጁ ያዳላል እንዳይባል ብሎ ነው» ትለኝ ነበር። ምክንያቱን ለመቀበል ከ30 ዓመት በላይ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።

ልጄም እንደ እኔው ተሳሳተ። ከሚፈላው ውሃ በላይ ቀዝቃዛ የድስት ክዳን ያዝሁለት፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ሲነካ ጠብታ ሆኖ ወረደ፤ ቀምሶት «ውሃ ነው!» አለ። አንድ ክዳን ይበቃ ነበር፣ አባባ።

እህቴ አዳማ መጥተው አብረዋት ይክረሙ ብላለች። ውሃን በ90 ዲግሪ ግድም የሚያፈላው የደብረ ብርሃን ስስ አየር እንዲህ ትንፋሽ እያጠረዎ አይበጅዎትምና እባክዎ እሺ ይበሏት። ሶዲየም ውሃን በሰውነት ውስጥ ይዞ እንደሚያስቀር ደግሞ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

ለፋሲካ እንመጣለን። ልጁ በረዶ ጠጣር ሆኖ ሳለ ፈሳሹ ላይ ለምን እንደሚንሳፈፍ ጠይቆኝ፣ መልሱን አያትህ ይነግሩሃል ብዬዋለሁ። እስከዚያ ጨውዎን ይተዉልኝ።

ልጅዎ