ሂጂና ባሕሩን እዪው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐዋሳም ደህና ናት።

ባለፈው እሑድ ደውለሽ ከጓደኞችሽ ጋር በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ በመኪና ልጓዝ ስትዪኝ ገና ሳትጨርሺ እምቢ አልኩሽ። «እሺ አባዬ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽ። ያ «እሺ» ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ማታ ማታ ወደ ፍቅር ሐይቅ እየወረድኩ ሳስብበት ሰነበትኩ። አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ከጓደኞችሽ ጋር ሂጂ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያስፈራኝ መንገዱ አልነበረም። ከኬፕታውን እስከ ፖርት ኤልዛቤት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም አስፋልቱ ጥሩ ነው ብለሽኛል። ያስደነገጠኝ «ባክፓከርስ» ያልሽው ማደሪያ ነው። ስምንት ሰው በአንድ ክፍል፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ወጥ ቤቱም ሻወሩም የጋራ። ልጄ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ልታድር? ስንጨቃጨቅ ቆይተን እናትሽ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ። «የሚሌውን ሌሊት ረሳኸው?»

ላንቺ ነግሬሽ አላውቅም። በ1979 ዓ.ም. ነው። ያኔ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበርኩ። ስንዴ ጭኜ ስመለስ ሚሌ ላይ ወባ ጣለኝ። እዚያ አገር በሙቀቱ ቤት ውስጥ አይተኛም። አልጋው ግቢ ውስጥ ይደረደራል፣ ሾፌሩ ሁሉ ጎን ለጎን ያድራል። አጠገቤ የተኛውን ሰው ስሙን እንኳ አላውቀውም። ስንቀጠቀጥ ነቃ። ሽርጡን በጀሪካን ውሃ ነክሮ ግንባሬ ላይ አደረገልኝ። ሲደርቅ እንደገና ይነክረዋል። ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር ጀሪካኗን ሲያዘነብል ይሰማኛል። ሲነጋ ጓደኞቹ ሄዱ፣ እሱ ቀረ። በራሱ ጋቢና ጭኖ ክሊኒክ አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ አላገኘሁትም። ዛሬም በጸሎቴ አነሳዋለሁ፣ ያውም ያለ ስም።

እንግዲህ እኔ አጠገብሽ የሚተኛውን እንግዳ ፍሪ ብዬ እንዴት ልምከርሽ? ሌላ ጊዜ፣ ሌላ አልጋ ቤት፣ የአንድ ወር ደመወዜን ከትራሴ ሥር የወሰደብኝም አለ። ስለዚህ ገንዘብሽንና ፓስፖርትሽን ቆልፊ፣ ሰዉን ግን ሰላም በዪ። የዕቃ ሳጥን ቢኖራቸውም ጓጉንቸሩን እንግዳው ይዞ የሚመጣባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የሴቶች ብቻ ክፍል ካላቸው ቀድማችሁ ያዙ። ታኅሣሥ የእነሱ የበጋ ዕረፍት ነው፣ አልጋ ይሞላል።

ስለ መንዳት አንድ ነገር። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። ሰው የሚሳሳተው መኪና በበዛበት አይደለም፣ የፊተኛውን ይከተላላ። የሚሳሳተው ማለዳ ከግቢ ወጥቶ መንገዱ ጭር ሲልበት ነው፣ እጁ ወደለመደው ይሄዳል። ሁልጊዜ ስትነሱ አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ «ግራ!» በሉ። በየሁለት ሰዓቱ ወርዳችሁ እግራችሁን አፍታቱ። ማታ አትንዱ።

ዋናው ግን ባሕሩ ነው። አንቺ ዋና የተማርሽው አሞራ ገደል ነው፣ አሳ አጥማጆቹ እያዩሽ። ከኛ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ የትም አይወስድሽም። ጉማሬውን ከሸሸሽ ሌላው ቀላል ነው። ውቅያኖስ እንዲህ አይደለም። ማዕበሉ ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ ይፈልጋል፣ አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ እንደ ወንዝ ወደ ውስጥ ይነጉዳል። ተንኮሉ ደግሞ እዚያ ቦታ ማዕበሉ ስለማይሰበር ጸጥ ያለ ይመስላል። ለዋና የሚመች መስሎሽ የምትገቢው እዚያው ነው። በተለይ ዊልደርነስ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ስትደርሱ ተጠንቀቂ። ከወሰደሽ ወደ ዳር አትታገዪ፣ ጉልበትሽን ይጨርሰዋል። ተንሳፈፊ፣ እጅሽን አውለብልቢ፣ ከቻልሽ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝተሽ ከጅረቱ ውጪ። ቀይና ቢጫ ባንዲራ ተተክሎ ነፍስ አድን ሠራተኛ ካለበት ውጭ አትግቢ። ይህን ለጓደኞችሽም አንብቢላቸው፣ እባክሽ።

ብሎክራንስ ድልድይ ላይ ገመድ ታስሮ መዝለል አለ ብለሽኛል። 216 ሜትር! ትልቅ ሰው ነሽ፣ አልከለክልሽም። ብቻ ከዘለልሽ በኋላ ንገሪኝ።

አጉላስ ጫፍ ሕንድ ውቅያኖስና አትላንቲክ የሚገናኙበት ነው። መንገዳችሁ ትንሽ ቢጠመዝዝም እሱን ሳታዩ አትለፉ። እኔ አሰብ እየተመላለስኩ ስንት ዓመት ሙሉ ቀይ ባሕርን ያየሁት ወረፋ ስጠብቅ ብቻ ነው። ጫማዬን አውልቄ የገባሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንቺ ግቢበት፣ ቁጭ ብለሽም እዪው።

ሐሙስ የሚበር ሰው አግኝቼ ዕቃ ልኬልሻለሁ። ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎና ጓጉንቸር። ሽሮውን እዚያ የጋራ ወጥ ቤት ሠርተሽ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጋብዢ። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ሁለት ነው፣ አንዱን አንገትሽ ላይ እሰሪ፣ ሁለተኛውን ለምታምኛት ጓደኛሽ ስጪ።

ማታ ማታ ያደርሽበትን ከተማ ስም ላኪልን። እናትሽ ካርታውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች። እስክሪብቶውንም በክር አንጠልጥላለች።

አባትሽ
ከሐዋሳ