ሁለተኛው ፎቶ፦ የተፈጥሮና የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 የትምህርት ዘመን ዘገባ

የክበባት ዘገባ ብዙውን ጊዜ «ክበባችን በዓመቱ በርካታ ተግባራትን አከናውኗል» ብሎ ይጀምራል። የእኛም አከናውኗል። ችግኝ ተክለናል፣ የወላጆችን ቀን ፎቶ አንስተናል፣ የቤተ መጻሕፍቱን ኮሪደር አስውበናል። እነዚህን በዚሁ ልለፋቸውና ዓመቱን ሙሉ ሰቅዞ ወደያዘን ጉዳይ ልግባ። ዓይን የሚያታልሉ የእንስሳት ፎቶዎች።

ነገሩን የጀመሩት ልጆቹ ናቸው። ጥቅምት ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሁለት የሜዳ አህዮች ፎቶ አሳትማ መጣች። አህዮቹ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በግልጽ የሚታየው ፊት ግን አንድ ነው። «ቲቸር፣ ወደ ካሜራው የሚያየው የግራው ነው የቀኙ?» አለችኝ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ደወል ተደውሎም ክርክሩ ኮሪደር ላይ ቀጠለ። በማግስቱ የሂሳብ መምህሩ ሳይቀር ገባበት።

እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ስለዚህ መልስ ከመስጠት ይልቅ ለምን እንደተቸገርን ጠየቅኳቸው። ሁለቱ ዓይኖቻችን በስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። እያንዳንዱ ትንሽ የተለየ ምስል ያያል። አእምሮ ሁለቱን አስተያይቶ የቱ ቅርብ፣ የቱ ሩቅ እንደሆነ ያውቃል። ካሜራ ግን አንድ ዓይና ነው። ፎቶ ስናይ ርቀቱን የምንገምተው ከፍንጭ ብቻ ነው። የቱ የቱን ጋረደ? የቱ ተለቅ አለ? ጥላው ወዴት ወደቀ? የቱ ደበዘዘ? የሜዳ አህዮች ሲጠጋጉ ደግሞ የአንዱ መስመር ከሌላው መስመር ጋር ይገጥምና የአካላቸው ድንበር ይጠፋል። ማን ማንን እንደጋረደ ካልታወቀ ግምቱ ሁሉ ይፈርሳል።

«ታዲያ መስመሩ አንበሳን ለማታለል ነው?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሳ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ግን ለፈረሶች ባለ መስመር ልብስ አልብሶ ነበር። ደም መጣጭ ዝንቦች እንደ ወትሮው በዙሪያቸው አንዣበቡ፤ መስመሩ ላይ ያረፉት ግን በጣም ጥቂት ነበሩ። ቢያንስ አንዱ ተታላይ ዝንብ ነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ በአገራችን ካሉት የሜዳ አህዮች ትልቁ፣ መስመሩ ጠባብ ጠባብ የሆነው፣ በሳይንሱ ዓለም የሚጠራው በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በዡል ግሬቪ ስም ነው። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሆን፣ ምክንያቱም ከአገራችን ለፕሬዚዳንቱ በስጦታ የተላከው እንስሳ ነው። ልጆቹ ከዓይንና ከአእምሮው ትምህርት ይልቅ ይቺን ነው ቤታቸው ሄደው ያወሩት።

ወደ ሥራ ስንገባ የመጀመሪያው እንቅፋት የታወቀ ነው፤ ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ክልክል ነው። ርዕሰ መምህሯ ብዙ ካሰቡበት በኋላ ረቡዕ ረቡዕ በመዝገብ ተፈርሞ እንዲገባ፣ ከክበቡ ሰዓት ውጪ ቢሮ ውስጥ እንዲቆለፍ ፈቀዱልን። እናመሰግናለን። ትልቅ ካሜራ የለንም። ዋጋውን ጠይቀን ዝም ብለን ተመልሰናል። ሆኖም ለእኛ ሥራ ስልኩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ትልልቆቹ ካሜራዎች በረጅም ሌንስ እንስሳውን ጥርት አድርገው ኋላውን ያደበዝዙታል። ያ ብዥታ ለአእምሮ «ይህ ሩቅ ነው» የሚል ፍንጭ ነው። የስልክ ሴንሰር ግን ትንሽ ስለሆነ ቅርቡንም ሩቁንም ጥርት አድርጎ ያወጣዋል። ፍንጩ ይጠፋል፤ ወፏ ከሕንፃው ጋር ትጣበቃለች። «ፖርትሬት» የሚለውን ግን አጥፉት አልኳቸው። ብዥታውን በስሌት ስለሚሠራው አንዳንዴ የወፏን ጭራ አብሮ ይበላዋል።

ከዚያ አንድ ሕግ አወጣን። ዓይን የሚያታልል ፎቶ ያመጣ ሁሉ ሁለተኛ ፎቶ ማምጣት አለበት። ያው እንስሳ፣ ያው ቦታ፤ ግን ወደ ጎን ፈቀቅ ተብሎ ወይም ትንሽ ተጠብቆ የተነሳ። የመጀመሪያው ያታልላል፣ ሁለተኛው ጉዱን ያወጣል። ሁለተኛ የሌለው ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። እንስሳ ደግሞ «ቆይ አንዴ» ቢሉት አይሰማም። በዚህ ሕግ ምክንያት ያኮረፈኝ ልጅ አለ። አሁንም አልለውጠውም።

የዓመቱ ኮከብ ያለ ክርክር ቁራ ነው። ትምህርት ቤታችን አራት ኪሎና ፒያሳ መሀል ስለሆነ አንበሳና ዝሆን አይመጣልንም፤ ቁራ ግን ሞልቷል። በተለይ ያ መንቁረ ወፍራሙ፣ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ቁራ፣ ጠዋት ጠዋት ከሮቶው ላይ አይጠፋም። መላ ላባው ጥቁር ነው፤ ማጅራቱ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ብሎበታል። መጋቢት ላይ፣ ሰማዩ በደመና ነጭ በሆነበት ቀን፣ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ከታች ሆኖ አነሳው። ፎቶው ላይ ያለው የኋላ ጭንቅላቱ ተገምጦ የተወሰደ ወፍ ነው። መንቁሩ አለ፣ ዓይኑ አለ፣ ግንባሩ አለ። ከዚያ በኋላ ባዶ ሰማይ። 7ኛ ክፍሎች ሲያዩት «ምስኪን፣ ማን መታው?» አሉ።

ምስሉን አሳድገን ስናየው ነገሩ ተገለጠ። ስልኩ ጥቁሩን ወፍ ለማሳየት ሲል ብርሃኑን ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ ሰማዩ ጭው ያለ ነጭ ይሆናል፤ የማጅራቱም ነጭ እንደዚያው። ነጭ ከነጭ ሲገናኝ ጠርዝ የለም። አእምሮ ደግሞ ጠርዝ ያላየበትን አካል ነው ብሎ አይቆጥርም። ለሁለተኛው ፎቶ ልጁ ወደ ሻይ ክበቡ በኩል ፈቀቅ አለ፤ ከቁራው ኋላ ጥቁር አረንጓዴው የጽድ ዛፍ መጣለት። ጭንቅላቱ ሙሉ ሆነ፤ ነጩም እንደ ቆብ ቁጭ አለ። ወፉ ልጁ እስኪዞር ድረስ ንቅንቅ አላለም። ለሌሎቹ እንዲህ አልታዘዘም።

ጭላትም ሠርቶልናል። ከሥጋ ቤቶቹ በላይ ሲዞር ውሎ ወደ እኛ ጣሪያ ይመጣል። ከአራተኛ ፎቅ ደረጃ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ፊት ለፊት ይታያል፤ ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ጭላት ክንፉን ሲዘረጋ ቢበዛ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በአጠገባችን ሲያልፍ ከሕንፃው ጫፍ ጋር በአንድ መስመር ከገጠመ ግን፣ ማማውን በጥፍሩ አንቆ ሊነቅለው የመጣ ይመስላል። ይህን ፎቶ ሁሉም አነሳው። እውነቱን ለመናገር ሰለቸኝ።

የገና በጎች ግን ሌላ ናቸው። ልጆቹ የአሜሪካዊውን ፎቶግራፈር የጆርጅ ስታይንሜትዝን አንድ ፎቶ አይተው ነበር። በኦማን በረሃ፣ ከአየር ላይ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል የተነሳ ነው። ጥቁር ግመሎች በአሸዋ ላይ ሲጓዙ ይታያል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጥቁሩ ሁሉ ጥላ ነው፤ ግመሎቹ ከጥላዎቹ እግር ሥር ያሉት ቀጫጭን ነጣ ያሉ መስመሮች ናቸው። «እኛ ግመል ከየት እናምጣ?» ሲባል አንዷ «በግ አለ አይደል» አለች።

ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ በገና ሰሞን በግ ይሸጣል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ጫፍ ወጥተን ጠበቅን። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ ስለምትመጣ የበጉ ጥላ ከበጉ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ችግሩ በጎቹ ተጠጋግተው መቆማቸው ነበር፤ ጥላቸው አንድ ላይ ተደባለቀ። አንዱ ወርዶ ነጋዴውን ለመናቸው። «የምትገዙ ከሆነ ግዙ፣ ካልሆነ በጎቼን አታባርሩ» ብለው መለሱት። ደግነቱ ትንሽ ቆይቶ ገዢ መጣና ራሳቸው በታተኗቸው። ያኔ ነው የተነሳው። ከላይ ሲታይ በጉ ራሱ ነጭ ነጠብጣብ ነው፤ ዓይን አልፎት ይሄዳል። ጥላው ግን አንገቱ የተመዘዘ፣ እግሩ ሸንበቆ ያህል የረዘመ ግመል ነው። ለሁለተኛው ፎቶ እኩለ ቀን ላይ ተመልሰው ወጡ። ጥላው አጥሮ ወደ ሆድ ሥር ገብቷል፤ ግመሎቹ በግ ሆነዋል። እኔ ከዓመቱ ፎቶዎች ሁሉ የማስበልጠው ይህን ጥንድ ነው። የልጆቹ ምርጫ ግን ቁራው ነው።

ሚያዝያ ላይ እንጦጦ ወጣን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ጭቃው ላይ ዱካ ነበር። ጅብ ነው፣ ውሻ ነው የሚል ክርክር ተነሳ። እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ያገኘናቸው አንዲት እናት አንዴ አየት አድርገው «ውሻ ነው ልጆቼ፤ የጅብስ እንዲህ አያንስም» ብለው ገላገሉን። ፎቶውን ክፍል ወስደን ስንገለብጠው ነው ጉዱ የመጣው። ጭቃው ውስጥ የሰመጠው ዱካ ወደ ላይ ያበጠ ኮረብታ ሆነ። ምስሉ አልተነካም፤ የተዘቀዘቀ ብቻ ነው። አእምሯችን ብርሃን ከላይ ይመጣል ብሎ ያስባል፤ ፀሐይም መብራትም ከላይ ስለሆኑ አይፈረድበትም። ፎቶው ሲዘቀዘቅ ጥላው ቦታ ይለዋወጣል፤ ጉድጓዱ ጉብታ ይሆናል። ይኸው ፎቶ ተገልብጦ እንደ «ሁለተኛ» ይቆጠራል ወይ የሚለው ብዙ አከራከረን። በድምፅ አለፈ።

ይኼው የብርሃን ነገር የሚዳቋን ነጭ ሆድ ለማስረዳት ጠቀመን። ፀሐይ ጀርባዋን ታበራለች፣ ሆዷ ጥላ ይሆናል፤ በዚህ ልዩነት ነው አካል ድብልብል መሆኑ የሚታወቀው። ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ እንስሳ ግን ልዩነቱን ያጣፋውና ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ከሩቅም አይለይም። ይህን በሰፊው ያስረዳው አቦት ታየር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። በ1896 ጽፎታል፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው። እኛም ድንች ሥሩን ነጭ ቀለም ቀብተን ሜዳ ላይ ፈተንነው። ያልተቀባው ከሩቅ ይታያል፤ የተቀባው መሬቱ ላይ ይሟሟል። ሰውዬው ግን በኋላ ነገሩን አበዛው። ፍላሚንጎ እንኳ ቀይ የሆነው በፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ሰማይ ውስጥ ለመደበቅ ነው እስከ ማለት ደረሰ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በጽሑፍ አብጠለጠሉት። ይህን ለልጆቹ የነገርኳቸው በምክንያት ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያዩትን ወፍ ሁሉ «ተደብቆ ነው» ማለት ጀምረው ነበር። እስስት እንኳ ቀለም የምትቀይረው በአብዛኛው ለመደበቅ አይደለም፤ ከሌሎች እስስቶች ጋር ለመነጋገርና ሙቀቷን ለማስተካከል ነው።

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለውን የእንስሳት ሙዚየም ስንጎበኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። አንዱ በገለባ የተሞላ እንስሳ ፊቱን ብቻ በቅርብ አንስቶ «ዱር ውስጥ ያገኘሁት» ብሎ አቀረበ። ጥሩ ፎቶ ነበር፤ እኔንም ለአፍታ አሳምኖኝ ነበር። ለንደን የሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ፎቶ ውድድር ተመሳሳይ ነገር መከሰቱን ነገርኳቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. የተሸለመ አንድ የጉንዳን በል ፎቶ፣ ዳኞቹ እንስሳው በገለባ የተሞላ ሳይሆን አይቀርም ብለው ስለደመደሙ፣ በቀጣዩ ዓመት ሽልማቱ ተሰርዟል። የእኛው ልጅ «እሱ ሽልማት ወስዷል፤ እኔ እኮ አልወሰድኩም» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፎቶው ግን ወረደ። እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም። ቁራው ያታለለን ቁራ ሆኖ ነው፤ ይኼኛው ያታለለን በጽሑፉ ነው።

በዚያው ሰሞን የ11ኛ ክፍሉ ቴክኖሎጂ አዋቂ «ሁለተኛ ፎቶ ምን ዋጋ አለው? በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁለቱንም አመርትላችኋለሁ» አለ። ሠርቶም አሳየን። ጭላቱ በአራት ፈንታ አምስት ጣት ነበረው እንጂ ያስፈራል። ስለዚህ ሕጉ ላይ አንድ መስመር ጨመርን። ከተጠየቅክ ቦታው ድረስ ወስደህ ታሳየናለህ። ይህን ሐሳብ ያመጣው ራሱ ነው።

ኤግዚቢሽኑ ግንቦት ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ተካሄደ። የመጀመሪያው ፎቶ በግልጽ ተሰቅሏል፤ ሁለተኛው በካርቶን ተሸፍኗል። ተመልካቹ መጀመሪያ ግምቱን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ካርቶኑን ያነሳል። ልጆቹ ቆመው የሚያዩት ፎቶውን ሳይሆን የሰውን ፊት ነበር። የጥበቃ ሠራተኛችን፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ቁራውን ካርቶኑን ሳያነሱ አወቁት። «ይሄማ የሮቶው ቁራ ነው፤ ማጅራቱ ነጭ ነው» አሉ። በየቀኑ የሚያየውን ሰው ማታለል ከባድ ነው። አንድ አባት ደግሞ የበጎቹ ፎቶ ፊት ብዙ ቆሙ፤ ካርቶኑን አነሱ፣ መለሱ፣ እንደገና አነሱ። «አይ፣ ግመል ነው» ብለው ሄዱ።

ለመጪው ዓመት የስልክ መቆሚያ እንፈልጋለን። ቤት ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣ፣ ካሜራው የሚሠራ አሮጌ ስልክ ያላችሁ ወላጆች ብትለግሱን እንቀበላለን። ስልክ የሌላቸው ልጆች በየተራ ይጠቀሙበታል። ምዝገባ መስከረም ላይ በፊዚክስ ላቦራቶሪ ነው። 7ኛና 8ኛ ክፍሎች ዘንድሮ ስላልተፈቀደላችሁ ስታጉረመርሙ ሰምቻለሁ፤ መስከረም ላይ ኑ።