ዘጠኝ እርምጃ፦ ለጤና ኃላፊው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር ኃላፊ
ባሕር ዳር

የመሥሪያ ቤትዎን ስም ያልጠቀስኩት ፈርቼ አይደለም። ሦስት ማመልከቻዎቼ መዝገብ ቤታችሁ ገብተዋል፤ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ። ካላወቁ አላነበቧቸውም ማለት ነው።

ጣና ዳር ዓሣ ጠብሼ የምሸጥ ሰው ነኝ። አምና ጥቅምት ላይ፣ አንድ ጠዋት የመጣልኝን ቆሮሶ ሳገላብጥ ሸተተኝ። ጣልኩት። በማግሥቱም ሸተተኝ፤ ጣልኩት። በሦስተኛው ቀን ዓሣ አምጪው ተቆጥቶ ጎረቤቴን ጠራና አስሸተታት። «ኧረ ምንም አይልም፣ አሁን ከሐይቅ የወጣ ነው» አለች። ሽታው ለካ ከራሴ አፍንጫ ኖሯል። ያውም ከቀኙ ብቻ። ወደ መጥበሻው ጎንበስ ስል ቀኝ ጉንጬ ድንጋይ የተሸከመ ያህል ይከብደኛል።

ሆስፒታል ሄድኩ። «ሳይነስ ነው» ተባልኩ፤ አንቲባዮቲክ ታዘዘልኝ። ስውጥ ይተወኛል፣ ስጨርስ ይመለሳል። አምስት ዙር ዋጥኩ። «በቀኝ በኩል ብቻ ነው፣ ይሸተኛል» ማለቴን አላቋረጥኩም። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ» ያለኝ ግን አልነበረም።

ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሳይነስ የሚባለው ከጉንጭ ጀርባ አጥንት ውስጥ ያለ ባዶ ክፍተት ነው፤ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሥርና የሳይነሱ ወለል ጎረቤታሞች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው አጥንት ስስ ነው። ሥሩ ከመገለ መግሉ ወደ ላይ መንገድ ያገኛል። በአንድ ወገን ብቻ የሚመጣና ክፉ ሽታ ያለው ሳይነስ ጥርስን ያስጠረጥራል። ነርቩ የሞተ ጥርስ ካልነኩት ላያምም ይችላል። ጥርሱ እዚያው ተቀምጦ ኪኒን ቢዋጥ ደግሞ በሽታው ጋብ ይላል እንጂ አይለቅም።

ከአምስተኛው ዙር በኋላ የአንገት በላይ ሐኪሙ ወደ ጥርስ ክፍል ላከኝ። ጥርስ ክፍል «መጀመሪያ ሳይነሱ ይድረቅ» ብሎ መለሰኝ። ሁለቱ በሮች አንድ ኮሪደር ላይ ፊት ለፊት ናቸው። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ካርዴ አራት ጊዜ ተሻገረ። ሐኪም አንድም ቀን አልተሻገረም። በተሻገርኩ ቁጥር አዲስ ተራ፣ አዲስ ቀጠሮ። ሰባት ወር እንዲህ አለቀ።

በመጨረሻ ተበድሬ ወደ ግል ክሊኒክ ሄድኩ። ልጅ እግር ሐኪም ናት። በመስታወቷ እጀታ ጥርሶቼን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገች። ድሮ የተሞላው መንጋጋዬ ጋ ስትደርስ ከወንበሩ ዘልዬ ተነሣሁ። ሲቲ ስካኑም ያንኑ አለ። ጥርሱ የሚድን ስላልነበረ ተነቀለ። «ከአፍሽ ወደ ሳይነሱ ቀዳዳ እንዳይፈጠር ለሁለት ሳምንት እንዳትናፈጪ» አለችኝ። ሽታው ጠፋ። በቃ፣ ይኸው ነው የሰባት ወሩ ምስጢር!

ሂሳቡን ለጤና መድን ሳቀርብ ምን ተባልኩ? «ያለ ሪፈር የሄድሽበት አይከፈልም።» ሪፈር ስጡኝ ብዬ የለመንኩት ማንን ሆነና?

ማሽን ግዙ አላልኩም። በአንድ ወገን ብቻ የሚያም ሳይነስ በመጀመሪያው መድኃኒት ካልተወ፣ ሁለተኛው ከመታዘዙ በፊት ጥርስ ሐኪም ይየው። የጥርስ ራጅ ይነሣ፤ ራጁ ካልለየው ሲቲ ስካን ይታዘዝ። ዘጠኝ እርምጃውን ደግሞ አንዳንዴ ሐኪሞቹ ይራመዱት።

የቅሬታ ክፍላችሁ ባለፈው ሳምንት ደውሎ «ማስረጃ ይዘሽ ነይ» ብሎኛል። ጥርሱን በሶፍት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ሰኞ ይዤው እመጣለሁ። የትኛው መስኮት እንደሚቀበለኝ ብቻ ይንገሩኝ።