የሳሎኑን ወለል ዘይት ከመቀባትዎ በፊት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለፈው በስልክ ሲያጫውቱኝ፣ የሳሎኑ የእንጨት ወለል ከበሩ እስከ ወንበርዎ ባለው መተላለፊያ ላይ ወዙ ጠፍቶ ወደ ግራጫ እንደተለወጠ፣ ስለዚህም ራስዎ ዘይት ሊቀቡት እንዳሰቡ ነግረውኛል። ያን ወለል ሲንከባከቡት እያየሁ ያደግሁ በመሆኔ ይህን የምጽፈው ላስተምርዎ ብዬ አይደለም፤ ነገር ግን የራሴን ቤት ወለል ስቀባ ያየኋቸው ነገሮች አሉና፣ ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት እንዲያውቋቸው አጥብቄ እፈልጋለሁ።

የዘይቱን ቆርቆሮ ከመክፈትዎ በፊት አንዲት የውኃ ጠብታ በተጎዳው መተላለፊያ ላይ፣ ሌላዋን ደግሞ ሰው በማይረግጠው በቁም ሣጥኑ አጠገብ ያስቀምጡና ሰዓትዎን ይመልከቱ። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ክብ ሆና ከቆየች እንጨቱ ገና ዘይት አለው፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰርጋ ጠቆር ያለ ክብ ምልክት ከተወች ግን ተጠምቷል ማለት ነው። እኔ በራሴ ቤት ስሞክረው የመተላለፊያዋ ጠብታ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ ጠፋች፤ የሣጥኑ ዳር ጠብታ ግን ክብነቷን እንደያዘች ነበረች። ስለዚህ ክፍሉን በሙሉ መቀባት ላያስፈልግ ይችላል። በዘይት የተያዘ ወለል ከቫርኒሽ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ለእኔ ይኸው ነው፤ ቫርኒሽ ላዩን እንደ ቆዳ ስለሚሸፍነው በአንድ ቦታ ሲጎዳ ሁሉንም መፋቅ ይጠይቃል፣ ዘይት ግን እንጨቱ ውስጥ ስለሚገባ የተራበውን ቦታ ብቻ ማብላት ይቻላል። የመኝታ ቤቱን ወለል ግን ዘይት እንዳያስነኩት። በሳንቲም ጠርዝ ጥግ ላይ ጫር ቢያደርጉት ነጭ ቅርፊት ይነሣል፤ ያ ቫርኒሽ ነው፣ ዘይቱም ዘልቆ አይገባም።

ለማጽዳት ውኃ በባልዲ አይድፉበት። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ ስለሚያብጥ፣ የጣውላዎቹ ጠርዝ እየተነሣ ወለሉ እንደ ማዕበል ይሆናል። በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። በረኪናና ኮምጣጤ የቀረውን ዘይት ስለሚጎዱት ባይነኩት ይሻላል። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፤ ግራጫው ቦታ ላይ ብቻ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ በቀስታ ቢያስኬዱበት ከሥሩ እውነተኛው ቀለም ብቅ ይላል። ከዚያ በላይ በላመ ወረቀት መፈተግ የእንጨቱን ቀዳዳዎች እየደፈነ ዘይቱን እንዳይጠጣ ያደርገዋል።

ዘይቱን በተመለከተ፣ የወጥ ቤት ዘይት ፈጽሞ እንዳይጠቀሙ። የተልባ ዘይት ወይም ለወለል ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውኃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚጠጥር ነው፤ አብዛኛው የምግብ ዘይት ግን በደንብ ሳይጠጥር ይቀርና ይሸታል። በስሱ ይቀቡ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያልገባውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ዘይት ብዙ ይጠቅማል ብዬ፣ እንደ ቀለም አወፍሬ ቀብቼ ሳልጠርገው ተኛሁ። በማግሥቱ ጠዋት ስረግጠው ካልሲዬ ተጣበቀ፤ ከሳምንት በኋላም ሳይጠጥር አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ጠቆረ። በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛ) በራሰ ጨርቅ ተንበርክኬ ሳነሣው ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አባቴ፣ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ዋናው ነገር ግን የሚጠርጉበት ጨርቅ ነው። ሥራ ሲጨርሱ ጨርቆቹን ጨብጠው ዕቃ ቤት ካለው ጆንያ ውስጥ ይከቱ እንደነበር አስታውሳለሁ። ዘይቱ ሲጠጥር ሙቀት ያመነጫል። ወለሉ ላይ ሙቀቱ በአየር ይበተናል፣ በተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ ስለማያገኝ እየተጠራቀመ፣ ክብሪት ሳይነካው፣ ሥራው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ ጠቅልዬ ያስቀመጥሁትን ጨርቅ ቆይቼ ባነሣው እጄ ላይ ሞቀኝ፤ ያን ጊዜ ያ ጆንያ ትዝ ብሎኝ ልቤ ደነገጠ። እባክዎ እያንዳንዱን ጨርቅ ውጭ፣ የሚቀጣጠል ነገር በሌለበት፣ ለየብቻው ዘርግተው እንደ ካርቶን እስኪደርቅ ይተዉት፤ ወይም ውኃ በሞላ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ነክረው ክዳኑን ይግጠሙ። ጆንያው ዛሬም እዚያው ካለ፣ ይህን ደብዳቤ አንብበው እንደጨረሱ ያስወጡልኝ።

መስኮቶቹን ይክፈቱ፤ አየር ሽታውን ከማስወጣቱም በላይ ዘይቱ እንዲጠጥር ይረዳል። አዲስ የተቀባ ወለል ያንሸራትታልና ቢያንስ ለአንድ ቀን፣ በተለይም በካልሲ ብቻ፣ እንዳይረግጡት። ምንጣፉንና ከባዱን ሶፋ እስከ ሁለት ሳምንት አይመልሱበት።

በጣውላዎቹ መካከል በበጋ የሚታየውን ክፍተት በስቱኮ ልሙላው ያሉትን ግን እባክዎ ይተዉት። ክፍተቱ አየሩ ሲደርቅ ይሰፋል፣ እርጥበት ሲመለስ ይጠባል፤ ስቱኮ ቢሞሉት እንጨቱ ሲያብጥ ጨምቆ ያወጣዋል። ይልቅ በሩ ላይ ወፈር ያለ የእግር መጥረጊያ ቢጨመር ደስ ይለኛል፤ መተላለፊያውን ግራጫ ያደረገው በጫማ የሚገባው አሸዋ ይመስለኛል፣ በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋልና። ለወንበርዎ እግሮች የሚለጠፍ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ቆርጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ።

ጉልበትዎ እንደሚያምዎ ስለማውቅ፣ ብርጭቆ ወረቀቱንና የዘይቱን ሥራ እኔ እስክመጣ እንዲያቆዩልኝ እለምንዎታለሁ። ከሩቁ ጥግ ጀምሬ ወደ በሩ እየቀባሁ ስመጣ፣ እርስዎ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያልተጠረገ ቦታ ሲያዩ ይጠቁሙኛል፤ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብለጨልጨውን ዘይት ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ዓይን ቶሎ ይለየዋል። እስከዚያው የሁለቱ ጠብታዎች ዕድሜ ስንት ስንት ደቂቃ እንደነበረ ይጻፉልኝ፤ ምን ያህል ዘይት ይዤ እንደምመጣ የምወስነው በዚያ ነው።

አክባሪ ልጅዎ