ጡንቻን የሚያላላ እጅ አንጎልን አይጠግንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ማዮፋሻል ሪሊዝ ስለሚባለው የእጅ ሕክምናና የነርቭ ችግር ላለባቸው ሕፃናት ስለሚሰጠው ጥቅም ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ሙያ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ ጉዳዩ ለአንባቢ መቅረቡ አስደስቶኛል። ይሁን እንጂ ሕክምናው የሴሬብራል ፓልሲን፣ ማለትም ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣውን የእንቅስቃሴ ችግር፣ መነሻ ያክማል የሚል መልእክት ያለው አገላለጽ ወላጆችን ወደ ተሳሳተ ተስፋ ይመራል ብዬ ስለሰጋሁ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ፋሺያ ጡንቻን፣ ነርቭንና የደም ሥርን የሚሸፍንና እርስ በርስ የሚያያይዝ፣ በአብዛኛው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን ነው። በማዮፋሻል ሪሊዝ ባለሙያው ሽፋኑ ከርሯል ብሎ በገመተው ቦታ ላይ መዳፉን አሳርፎ፣ ሳያሽና ሳያንሸራትት፣ በለዘብተኛ ግፊት ለጥቂት ደቂቃዎች ይዞ ይቆያል። ለልጁ ሕመም የማይፈጥር፣ ብዙ ጊዜም የሚያዝናናው አሠራር በመሆኑ ወላጆች ቢወዱት አይገርመኝም።

ዋናው ነገር ግን ግትርነቱ ከየት እንደመጣ መለየት ነው። ወላጆች «የልጄ እግር ግትር ነው» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ይጠራሉ። የመጀመሪያው ስፓስቲሲቲ የሚባለው ነው፤ የተጎዳው አንጎል ጡንቻን የሚያረጋጋውን ትእዛዝ በአግባቡ ስለማያስተላልፍ፣ እግሩ በፍጥነት ሲሳብ ጡንቻው ወዲያው ተቆጥቶ ይኮማተራል፤ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ወይም ልጁ ሲተኛ ደግሞ ይላላል። ሁለተኛው በጊዜ ብዛት የሚመጣው የጡንቻና የጅማት ማጠር ሲሆን፣ ይህኛው ልጁ ከባድ እንቅልፍ ላይ ሆኖም እንኳ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣና በቀዶ ሕክምና ወቅት ከጭን ጀርባ ጡንቻ በተወሰደ ናሙና ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ባጠረው ጡንቻ ውስጥ የኮላጅኑ መጠን ከፍ ብሎ፣ ጡንቻውን የሚያኮማትሩት እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ደግሞ ከመጠን በላይ ተለጥጠው መገኘታቸውን አሳይቷል። ይህ ለእኔ ብዙ የሚናገር ግኝት ነው፤ ከውጭ ያጠረ የሚመስለው ጡንቻ ውስጡ አስቀድሞ የተለጠጠ ከሆነ፣ ችግሩ ጥቂት ተጨማሪ ሳብ በማድረግ የሚፈታ አይደለም።

እጅ ፋሺያን በእርግጥ ያስረዝማል ወይ የሚለውም ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የሒሳብ ስሌት ጥናት፣ እንደ ጭን ጎንና እንደ ውስጥ እግር ያሉት ጠንካራ ፋሺያዎች ቅርጻቸውን በጥቂቱ እንኳ እንዲለውጡ የሚያስፈልገው ኃይል በእጅ ሕክምና ከሚገኘው እጅግ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። ታዲያ ከክፍለ ጊዜው በኋላ የልጁ እግር ላልቶ የምናየው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በቆዳና በፋሺያ ውስጥ ያሉት ስሜት ተቀባይ ነርቮች ለዝግተኛና ለጸና ንክኪ ውጥረትን በማርገብ መልስ ስለሚሰጡ ነው። ይህም ጥቅም ነው፤ ልጁ የተረጋጋባቸውን ጊዜያት ያስገኛል፤ ነገር ግን በአንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት አይነካውም።

ማስረጃውም ውስን ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ሕፃናት ላይ ስለዚህ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው አንዱ ዘገባ የስድስት ሕፃናትን ታሪክ ብቻ የሚተርክ ነው፤ የስድስት ልጆች መሻሻል ተስፋ ይሰጣል እንጂ ሕክምናው መሥራቱን አያረጋግጥም። ከዚህ ጋር የሚቀራረበውና ጭንቅላትን በእጅ በመንካት የሚሰጠው ክራኒያል ኦስቲዮፓቲ እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪታንያ በ142 ሕፃናት ላይ በዕጣ ምደባ ሲፈተን፣ የሕፃናቱን የእንቅስቃሴ ችሎታ እንዳላሻሻለ ታይቷል። በአንጻሩ ልጁ ራሱ የሚፈልገውን ተግባር፣ ለምሳሌ ኩባያ ማንሳትን ወይም ከወንበር መነሣትን፣ ደጋግሞ እንዲለማመድ ማድረግ የተሻለ ማስረጃ ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ ማዮፋሻል ሪሊዝ የሚሰጥ ከሆነ ከልምምዱ በፊት ሰውነትን ማዘጋጃ ይሁን፤ ልጁ በላላበት ሰዓት ወዲያው ወደ ሥራ ይግባ። ክፍለ ጊዜው ሁሉ አልጋ ላይ ተኝቶ በመታከም ካለፈ ልጁ ምንም አልተማረም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዳሌ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ሕፃናት መካከል ከሦስቱ የአንዱ ያህል የጭን አጥንት ራስ ቀስ በቀስ ከዳሌው ጉድጓድ ይወጣል፤ ጭንቅላታቸውን እንኳ መደገፍ በሚያቅታቸው ልጆች ላይ ደግሞ አደጋው እስከ 90 በመቶ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ በእጅም ላይታወቅ ይችላል፤ የሚታወቀው በየጊዜው በሚነሣ ራጅ ነው። የጭኑን ጡንቻ እያላላን ወራት ስናሳልፍ ዳሌው ወጥቶ ቢገኝ፣ ለስላሳው እጃችን ልጁን ጎድቶታል ማለት ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻቸውን ሁኔታዎችም ጽሑፉ አላነሣም። ቆመው የማይሄዱ ሕፃናት አጥንታቸው የሳሳ በመሆኑ በትንሽ ኃይል፣ በተለይ ከጉልበት መገጣጠሚያ በላይ ባለው የጭን አጥንት ላይ፣ ሊሰበር ይችላል። በጭንቅላት ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽን ወደ ሆድ የሚያወርድ ቱቦ የገባለት ልጅ አንገቱና ቱቦው የሚያልፍበት መስመር ሊጫን አይገባም። መናገር የማይችል ልጅ ሕመሙን በፊቱና በትንፋሹ ስለሚገልጽ፣ ባለሙያው ከእጁ ይልቅ የልጁን ፊት ማየት አለበት።

ወላጆች ሕክምናውን ከመጀመራቸው በፊት ባለሙያውን በስንት ሳምንት ውስጥ ምን ዓይነት ለውጥ እንደሚጠብቅና በምን እንደሚለካው እንዲጠይቁት እመክራለሁ። «የላላ ይመስላል» የሚል መልስ አይበቃም፤ ልጁ ሳይደገፍ ስንት ደቂቃ ተቀመጠ፣ ልብሱን ለማልበስ እግሮቹን መለየት ቀለለ ወይ የሚል መለኪያ ያስፈልጋል። የዝግጅት ክፍሉም በሚቀጥሉት እትሞቹ ስለ ዳሌ ክትትል፣ የአጥንት ሐኪምና የሕፃናት ነርቭ ሐኪም አነጋግሮ፣ ለወላጆች የሚሆን ጽሑፍ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ