የአካል ብቃት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት ወር 34 አባላት ተሰባስበው ክበባችን ሥራ ሲጀምር «ከመካከላችሁ ብቃት ያለው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ወደ አንድ ልጅ ጠቆሙ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቱን እህል በመጫን ያግዛል። ያለ እረፍት 41 ፑሽ አፕ ሠራ። እግሩን ዘርግቶ የእግሩን ጣቶች እንዲነካ ሳዘው ግን እጁ ከቁርጭምጭሚቱ አላለፈም። ዓመቱን ሙሉ ላስረዳ የፈለግሁትን እሱ በአንድ ቀን አሳየልኝ።

ለጤና የሚያስፈልገው የአካል ብቃት አምስት ነገሮችን ያካትታል፦ የልብና የአተነፋፈስ ብርታት፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ የጡንቻ ብርታት፣ መተጣጠፍ እና የሰውነት ይዘት። ተማሪዎቼ አብዝተው የሚያምታቱት ጥንካሬንና ብርታትን ነበር። ኩንታል አንድ ጊዜ ማንሳት ጥንካሬ ነው፤ ቀለል ያለውን ሸክም ደጋግሞ ማመላለስ ግን ብርታት ነው።

የልብን ብርታት የለካነው አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ባስተዋወቁት፣ የተሮጠው ርቀት በሚለካበት የ12 ደቂቃ ሩጫ ነው። ክበባችን ያለባት ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ስለዚህ ውጤት የሚመዘንበትን የመጽሐፍ ሠንጠረዥ ትቼ እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ የጥቅምት ውጤት ጋር እንዲወዳደር አደረግሁ። በዚያ ሩጫ አንዴም ሳትቆም የጨረሰችው «ስፖርት አልችልም» ብላ የተመዘገበች ልጅ ናት። ቤቷ ጦሳ ተራራ ሥር ነው፤ ዳገቱን በየቀኑ ትወጣዋለች። ያንን ልምምድ ብሎ የቆጠረላት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

የሰውነት ይዘት የስብና የሌላው አካል ድርሻ ነው፤ ሚዛን ሁለቱን ለይቶ አያሳይም። ልጆችን በጓደኞቻቸው ፊት መመዘን ስለማላምንበት ይህን በትምህርት ብቻ አለፍነው።

በየካቲት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ልዩነት ገቡ። ሩጫውን አቁመን ወደ መተጣጠፍ ዞርን፤ ሰውነትን በቀስታ አሙቆ፣ ሳይንጡ፣ እስከ 30 ሰከንድ መሳብ። ጿሚው ሁሉ የቻለው ሥራ ይህ ነበር፤ ትልቁ ለውጥ የታየውም እዚሁ ላይ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ዳግም ስንለካ ያ ባለ ሰፊ ትከሻ ልጅ የእግሩን ጣቶች ጨበጠ።

ለ2018 ዓ.ም. የጠየቅነው ስድስት የልምምድ ፍራሽ ነው። በ2017 የተለማመድነው ይኸው ልጅ ከገበያ ባመጣልን ጆንያ ላይ ነበር።